የግዛት ድንበር ያልያዘው ሐኪም፦ የማይክል ስዋንጎ ጉዳይ

በ1992 (እዚህ ያሉት ዓመታትና ወራት ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው) ማይክል ስዋንጎ የሚባል ሐኪም በአሜሪካ ሳውዝ ዳኮታ ግዛት፣ ሱ ፎልስ ከተማ የውስጥ ደዌ ሬዚደንሲ (የስፔሻሊቲ ሥልጠና) ለመግባት አመለከተ። ከዚህ በፊት ተፈርዶበት እንደነበር አልካደም። እንዲያውም ከማመልከቻው ጋር ሁለት ወረቀቶች አያይዞ ነበር። አንደኛው ከኢሊኖይ ግዛት የማረሚያ ቤቶች መሥሪያ ቤት የወጣ ይመስላል፤ ሰውየው ከሥራ ባልደረባው ጋር በቡጢ ተደባድቦ በቀላል ወንጀል የስድስት ወር እስራት እንደተፈረደበት ይገልጻል። ሁለተኛው የቨርጂኒያ ገዥ የጻፉት ይመስላል፤ ወዳጆቹና ባልደረቦቹ ስለ መልካም ጠባዩ መስክረውለት የዜግነት መብቱ እንደተመለሰለት ያትታል። ሁለቱም ፎርጅድ ነበሩ። ስዋንጎ የተፈረደበት የሥራ ባልደረቦቹን በአርሴኒክ በመመረዝ ነው፤ ፍርዱም አምስት ዓመት ነበር። ወደ ኢሊኖይ ስልክ አንሥቶ ያጣራ ሰው ስላልነበረ ማመልከቻው ተቀባይነት አገኘ።

ፈቃዱን ከአንዱ ግዛት ወደ ሌላው ያዛወረ ሐኪም የወረቀቱን ጣጣ ያውቀዋል። ዲፕሎማው ከተማረበት ዩኒቨርሲቲ በቀጥታ ይላክ ይባላል። የፈተናው ውጤት ከፈታኙ ድርጅት፣ የሥራ ልምዱ ከእያንዳንዱ ሆስፒታል፣ ከዚህ በፊት ፈቃድ ከሰጠው ከእያንዳንዱ ግዛት ደግሞ ምንም ቅጣት እንደሌለበት የሚመሰክር ደብዳቤ ይጠየቃል። በዋሽንግተን ዙሪያ የሚኖሩ ሐኪሞቻችን ከሜሪላንድ ቨርጂኒያ ለመሻገር አንድ ድልድይ ይበቃቸዋል፤ ፈቃዱ ግን ወራት ሊወስድባቸው ይችላል። «ኦርጅናሉ በእጄ አለ፣ ማኅተሙም ይታያል፣ ለምን ከእኔ አይቀበሉኝም?» የሚለውን ምሬት ደጋግሜ ሰምቻለሁ። ቤተሰብ ይዞ፣ ደመወዝ ተቋርጦበት ለሚጠብቅ ሰው ምሬቱ ተገቢ ነው። የስዋንጎ ጉዳይ ግን ለዚህ ጥያቄ ከማውቃቸው መልሶች ሁሉ ከባዱ ስለሆነ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ልተርከው ወደድሁ።

በቅድሚያ አንድ ነገር ግልጽ ይሁን። በአሜሪካ የሕክምና ፈቃድ የሚሰጠው እያንዳንዱ ግዛት ነው፤ የፌዴራሉ መንግሥት አይሰጥም። በ1889 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት፣ ዴንት የሚባል የዌስት ቨርጂኒያ ሐኪም ያለ ፈቃድ ሠርተሃል ተብሎ በተቀጣበት ጉዳይ፣ ግዛቶች ማን ሐኪም መሆን እንደሚችል የመወሰን ሥልጣን እንዳላቸው አጸና። ከዚያ ወዲህ «ፈቃድ ማዛወር» የምንለው የአፍ ልማድ ነው። የኦሃዮ ፈቃድ ኦሃዮ ይቀራል፤ አዲሱ ግዛት የራሱን አዲስ ፈቃድ ይሰጣል። ድንበር የሚሻገረው ስለ ሐኪሙ የሚታወቀው መረጃ ብቻ ነው። መረጃው መንገድ ላይ ከቀረ ሰውየው በየደረሰበት እንደ አዲስ ይወለዳል።

ስዋንጎ በኢሊኖይ ኩዊንሲ ከተማ አድጎ፣ በሳውዘርን ኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ተምሮ በ1983 ተመረቀ። ከክፍል ጓደኞቹ አንድ ዓመት ዘግይቶ ነው የጨረሰው። በዚያው ዓመት ኮሎምበስ በሚገኘው የኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል በቀዶ ሕክምና ክፍል ኢንተርን (አዲስ ተመርቆ የሚለማመድ ሐኪም) ሆነ።

አንድ ነገር እንዳለ መጀመሪያ የገባቸው ነርሶቹ ናቸው። ደህና አድረው የነበሩ፣ ለመውጣት የተቃረቡ ሕሙማን እሱ ተረኛ በሆነበት ክፍል ባልታሰበ ሰዓት ሕይወታቸው ያልፍ ጀመር። በፌብሩዋሪ 1984 ደግሞ የዓይን ምስክር ያለው ነገር ተፈጠረ። ከቀዶ ሕክምና በማገገም ላይ የነበሩ አንዲት አረጋዊት በደም ሥራቸው በተሰካው ቱቦ አንድ ነገር ከተወጉ በኋላ መላ አካላቸው ደነዘዘ፣ መተንፈስ አቃታቸው። ተርፈው መናገር ሲችሉ ሐኪሙ እንደወጋቸው ተናገሩ። ነርሶቹ ያዩትን ለአለቆቻቸው አመለከቱ።

ጉዳዩን ያዩት የሆስፒታሉ ሰዎች ራሳቸው ነበሩ፤ ፖሊስ አልጠሩም። ማጣራቱ በአጭር ጊዜ ተቋጨና ሐኪሙ ነጻ ተባለ። የነርሶቹ ቃል ከሐሜት እኩል ተቆጠረ። በሙያው ውስጥ ያለ አንባቢ ይህ ቦታ ላይ ቆም ብሎ ቢያስብ ደስ ይለኛል፤ በሕሙማን አልጋ አጠገብ ሌሊቱን የሚያድሩት እነሱ ናቸውና። የዩኒቨርሲቲው የሕግ ትምህርት ቤት ዲን በኋላ ባካሄዱት ግምገማ ሆስፒታሉ ጉዳዩን ለሕግ አካል አለማሳወቁን ነቅፈዋል።

ሆስፒታሉ ለሁለተኛ ዓመት አላስቀጠለውም። ስዋንጎ የኢንተርንነት ዓመቱን ጨርሶ በ1984 አጋማሽ ላይ ሄደ። በሴፕቴምበር 1984 የኦሃዮ የሕክምና ቦርድ ሙሉ የሙያ ፈቃድ ሰጠው። ቦርዱ የሚያየው ፋይሉን ነው፤ በፋይሉ ውስጥ የነርሶቹ ቃል ቦታ አልነበረውም። ስለዚህ መረጃው የመጀመሪያውን ድንበር መሻገር ያቃተው እዚያው ኮሎምበስ ውስጥ ነው። ከሕሙማን ክፍል ተነሥቶ በዚያው ግዛት ያለ ቦርድ ጠረጴዛ ላይ አልደረሰም። «ከእኛ ዘንድ ይሂድልን እንጂ» የሚል ተቋም ችግሩን ለሚቀጥለው ተቋም እያሸጋገረ ነው፤ ይህን ሳስብ ዛሬም ያንገበግበኛል።

ስዋንጎ ወደ ኩዊንሲ ተመልሶ በአምቡላንስ አገልግሎት ተቀጠረ። ባልደረቦቹ እሱ ያመጣውን ዶናት በልተው በጽኑ ታመሙ። በሌላ ቀን የቀመሱት መጠጥም እንዲሁ አደረጋቸው። እነዚህ ሰዎች በዲግሪ ከኮሎምበስ ሐኪሞች ያንሳሉ፤ ጥርጣሬያቸውን ግን አልዋጡትም። ስኳር ያልገባበት ሻይ ሆን ብለው እሱ በሚያገኘው ቦታ ትተው ሄዱ፣ ተመልሰው ሲቀምሱት ጣፋጭ ሆኖ አገኙት፣ ሻዩን አስመረመሩት። አርሴኒክ ተገኘበት። ፖሊስ ቤቱን ሲፈትሽ የጉንዳን መርዝና ሌሎች ኬሚካሎች አገኘ። በኦገስት 1985 ዳኛው ጥፋተኛ ብለው አምስት ዓመት ፈረዱበት። የኦሃዮም የኢሊኖይም ፈቃዱ ተነሣ። እስር ቤት ሆኖ በብሔራዊ ቴሌቪዥን ቃለ ምልልስ ሰጠ፤ ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1987 ተፈታ።

የፍርዱ መዝገብ በኩዊንሲ ፍርድ ቤት ለማንም ክፍት ነበር። ፊቱን የአገሩ ሕዝብ በቴሌቪዥን አይቶታል። በሁለት ግዛቶች ፈቃዱ ተሽሯል። እንዲህ ያለ ሰው ወደ ሕክምና የሚመለስበት ቀዳዳ የለም ያሰኛል። እሱ ግን በ1991 ስሙን በሕጋዊ መንገድ ዳንኤል አዳምስ ብሎ አስቀየረና በዌስት ቨርጂኒያ ዊሊንግ ከተማ ሬዚደንሲ ለመግባት ሞከረ። በሚቀጥለው ዓመት በገዛ ስሙ ሱ ፎልስ ሄደ፤ መግቢያዬ ላይ የጠቀስኋቸውን ሁለት ወረቀቶች ይዞ።

የመረጠው በር ሬዚደንሲ ነው። በአሜሪካ በሥልጠና ላይ ያለ ሐኪም ሙሉ ፈቃድ ሳያወጣ በማሠልጠኛው ጥላ ሥር ሕሙማን ማየት ይችላል። ሙሉ ፈቃድ የጠየቀን ሰው የግዛቱ ቦርድ ቀድሞ የነበሩትን ፈቃዶች ይጠይቃል፤ ሬዚደንት የሚቀበለው ክፍል ደግሞ በዋናነት የሚያየው ውጤቱን፣ የድጋፍ ደብዳቤዎቹንና በቃለ መጠይቁ ላይ ያሳየውን ጠባይ ነው። ስዋንጎ አነጋገሩ የሚጥም፣ መልከ መልካም ሰው ነበር። በደሉን «አምኖ» መቅረቡም ጠቀመው። የተናዘዘ የመሰለን ሰው እንደገና መመርመር ለብዙዎቻችን ጭካኔ ይመስለናል፤ ርኅራኄያችን የገባበት ቀዳዳ ሆነ ማለት ነው።

በሱ ፎልስ ጥቂት ወራት በሰላም ሠራ፤ ጎበዝ ሐኪምም ተባለ። ያጋለጠው የራሱ ማመልከቻ ነው። የአሜሪካ ሐኪሞች ማኅበር አባል ለመሆን አመለከተና ማኅበሩ ከቀጣሪው በተሻለ አጣርቶ የመመረዙን ፍርድ አገኘው። በዚያው ሰሞን ስለ ወንጀሉ የተሠራ የቴሌቪዥን ዝግጅት ታየ፤ ባልደረቦቹም አወቁት። ሥራውን አጣ።

ከዚህ በኋላ ያለውን ክፍል ሳነብ ሁልጊዜ ልቤ ይሰበራል። በ1993 ስዋንጎ በኒው ዮርክ፣ ስቶኒ ብሩክ ዩኒቨርሲቲ የአእምሮ ሕክምና ሬዚደንሲ አመለከተ። የሳውዝ ዳኮታውን ጊዜ አላነሣውም፤ የተፈረደበትን ደግሞ በቡና ቤት ጠብ ነው አለ። ተቀበሉት። በጁላይ ኖርዝፖርት በሚገኘው የቀድሞ ወታደሮች ሆስፒታል ሥራ ጀመረ። በቨርጂኒያ የተዋወቃትና ሱ ፎልስ አብራው የሄደችው እጮኛው ነርስ ነበረች። እሱን ካወቀች በኋላ ብርቱ ራስ ምታት ይነሣባት ነበር፤ ያ ሁሉ ነገር ከተገለጠ በኋላም መንፈሷ ተሰብሮ በዚያው ወር ራሷን አጠፋች። በኋላ በተደረገ ምርመራ በሰውነቷ ውስጥ አርሴኒክ ተገኝቷል።

ልጃቸውን የቀበሩት እናት ሰውየው አሁንም በሐኪምነት ኒው ዮርክ እንደሚሠራ ሲያውቁ ዝም ማለት አልቻሉም። ልጃቸው በሱ ፎልስ ለነበራት ነርስ ወዳጅ ነገሩ። ነርሷ ለሳውዝ ዳኮታ የሕክምና ትምህርት ቤት ዲን ነገረች። ዲኑ ለስቶኒ ብሩክ አቻቸው ስልክ ደወሉ። መረጃው ከሳውዝ ዳኮታ ኒው ዮርክ የደረሰው በዚህ መንገድ ነው። ሁለት ግዛቶች፣ ሁለት ዩኒቨርሲቲዎች፣ አንድ የፌዴራል ሆስፒታል እያለ መልእክተኛዋ ሐዘን ላይ የተቀመጠች እናት ሆነች። ስዋንጎ ተጠርቶ ሲጠየቅ ዋሽቶ እንደገባ አመነ፤ ተባረረ። በእነዚያ ጥቂት ወራት ግን በኖርዝፖርት ሕሙማን ሞተው ነበር።

የስቶኒ ብሩክ ዲን በአገሪቱ ላሉት 125 የሕክምና ትምህርት ቤቶችና ከ1,000 በላይ ለሆኑ የማስተማሪያ ሆስፒታሎች ስለ ስዋንጎ የሚያስጠነቅቅ ደብዳቤ ላኩ። ለዘጠኝ ዓመታት ያልተዘጋው በር በአንድ ደብዳቤ ተዘጋ። ባሕር ማዶ ግን ደብዳቤው አልደረሰም። በኖቬምበር 1994 ሰውየው በተጭበረበረ ሰነድ ዚምባብዌ፣ ምኔኔ በሚባል የገጠር ሚሲዮን ሆስፒታል ተቀጠረ። ሐኪም በጠፋበት ገጠር አሜሪካዊ ሐኪም ሲመጣ በደስታ እንደሚቀበሉት ለእኛ መንገር አያስፈልግም። እዚያም ሕሙማን መሞት ጀመሩ፤ ነርሶችም ጠረጠሩ፤ በ1995 ታገደ።

አንባቢ «ያን ጊዜ የጋራ መረጃ ቋት አልነበረም ወይ?» ብሎ ሊጠይቅ ይችላል። ነበረ። ኮንግረስ በ1986 ባወጣው ሕግ መሠረት በሐኪሞች ላይ የተወሰዱ የቅጣት እርምጃዎች የሚመዘገቡበት ብሔራዊ ቋት በሴፕቴምበር 1990 ሥራ ጀምሯል። ሕጉ የወጣውም ሐኪሞች ጥፋታቸውን አንድ ግዛት ውስጥ ትተው በሌላው እንደ አዲስ እንዳይጀምሩ ነው። ነገር ግን ቋቱ መመዝገብ የጀመረው ከተከፈተበት ቀን ወዲህ ያለውን ነው። የስዋንጎ ፍርድና የፈቃዱ መነሣት ከዚያ ይቀድማል። ኦሃዮ ላይ የተደረገው ነገር ደግሞ ቋቱ ቀደም ብሎ ቢኖር እንኳ አይገባበትም፤ ነጻ ከተባለ ሐኪም የሚመዘገብ ቅጣት የለም። ቋት የሚያስቀምጠው ሰው ጽፎ የሰጠውን ብቻ ነው።

ከዚያ ወዲህ አሠራሩ ተለውጧል፤ ከለውጦቹ ዋናውን ትንሽ ልዘርዝረው፣ ፈቃድ ለማውጣት ለሚዘጋጅ ሐኪምም ይጠቅማልና። በ2015 ዋዮሚንግ ቀዳሚ የሆነችበት የግዛቶች የሕክምና ፈቃድ ስምምነት በየምክር ቤቶቹ መጽደቅ ጀመረ፤ የመጀመሪያዎቹ ፈቃዶች በ2017 ወጡ። ዛሬ ከ40 በላይ ግዛቶች ገብተውበታል። ሐኪሙ አንድ ግዛትን «ዋና የፈቃድ ግዛቴ» ብሎ ይመርጣል። ያ ግዛት ዲፕሎማውን፣ ፈተናውንና የስፔሻሊቲ ምስክር ወረቀቱን ከምንጩ ያጣራል፣ በጣት አሻራ የወንጀል ሪከርዱን ያስመረምራል፣ ከዚያ ለ365 ቀን የሚያገለግል የብቁነት ደብዳቤ ይሰጣል። ሐኪሙ በዚህ ደብዳቤ ከሌሎቹ አባል ግዛቶች የፈለገውን ይመርጣል፤ እነሱም አንዴ ከምንጩ የተጣራውን እንደገና ሳይቆፍሩ የየራሳቸውን ፈቃድ ያወጡለታል። ለስምምነቱ 700 ዶላር ይከፈላል፣ የየግዛቱ ክፍያ ለብቻው ነው። ፈቃዱ ላይ ቅጣት ያለበት ወይም የወንጀል ፍርድ ያለበት ሐኪም በዚህ መንገድ መሄድ አይችልም፤ በመደበኛው ረጅም መንገድ ይሄዳል።

ከፍጥነቱ ይልቅ የስምምነቱ ሌላ አንቀጽ ነው የሚያስደስተኝ። ዋናው ግዛት ፈቃዱን ከሻረ ወይም ካገደ፣ በስምምነቱ የወጡት የሌሎቹ ግዛቶች ፈቃዶች በሙሉ ያለ ተጨማሪ ውሳኔ በዚያው ሁኔታ ላይ ይወድቃሉ። ከዋናው ውጭ ያለ አባል ግዛት እንዲህ ያለ እርምጃ ከወሰደም ሌሎቹ ለ90 ቀን ወዲያው ይታገዳሉ፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ እያንዳንዱ ግዛት የራሱን ማጣራት ያደርጋል። ማንም ለማንም መደወል ሳይኖርበት መጥፎው ወሬ ከፈቃዱ ጋር እኩል ይጓዛል። ብዙ ሰው «ማቅለል» እና «መጠበቅ» የሚጣሉ ይመስለዋል፤ እዚህ ግን አንዱ ለሌላው መንገድ ከፍቷል።

ወደ ገልፍ አገሮች ለመሄድ ዲግሪያቸውን በዳታፍሎው ያስመረመሩ ነርሶቻችንና ሐኪሞቻችን ይህንን ሥርዓት በደንብ ያውቁታል፤ ድርጅቱ ኮፒውን ተቀብሎ ወደ ተማሩበት ኮሌጅ ጽፎ «እውነት የእናንተ ነው?» ብሎ ይጠይቃል። አዲስ አበባ ያለው ሬጅስትራር መልስ እስኪሰጥ የሚጠበቀው ጊዜ ያስለቅሳል፣ ያንን አልክድም። በአገራችንም ከክልል ክልል ለሚዛወር የጤና ባለሙያ የታሸገ ፖስታ በእጅ ማስያዝ የተለመደ ነው። ከእጅ ወደ እጅ የሚሄድ ፖስታ መዘግየትን ይቀንሳል፤ ነገር ግን ተቀባዩ ላኪው ቢሮ ደውሎ «ይህንን ደብዳቤ ጽፋችኋል ወይ?» ካላለ፣ በፖስታው ውስጥ ያለው የባለጉዳዩ ቃል ነው። በሱ ፎልስ የጎደለው ያ አንድ ስልክ ነበር። አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

ስዋንጎ የተያዘው በጁን 27 ቀን 1997 በቺካጎ ኦሄር አውሮፕላን ማረፊያ ነው፤ በሳውዲ አረቢያ ዳህራን ሐኪም ሆኖ ሊቀጠር በጉዞ ላይ ነበር። መጀመሪያ የተከሰሰውም በግድያ አልነበረም። ኖርዝፖርት ሆስፒታል በገባበት ማታለል ተከሶ በ1998 የ42 ወር እስራት ተፈረደበት፤ መርማሪዎቹ የግድያውን ማስረጃ ያሰባሰቡት እሱ በዚህ ፍርድ ታስሮ ሳለ ነው። ዋሽቶ የሞላው ፎርም ባይኖር ኖሮ የሚይዙበት ክስ አልነበራቸውም። በሴፕቴምበር 2000 በኖርዝፖርት ሦስት ሕሙማን መግደሉን አምኖ፣ በምሕረት የማይፈታበት የዕድሜ ልክ እስራት ተፈረደበት።

በቀጣዩ ወር ኮሎምበስ ተወስዶ በኦሃዮ ስቴት የሞተችውን የ19 ዓመት ወጣት መግደሉን አመነ። ልጅቷ ያረፈችው በጃንዋሪ 1984 ነው። የኦሃዮ ቦርድ ፈቃዱን የሰጠው ከስምንት ወር በኋላ ነበር።